አሮጌ ጫማ ጓሮ ይግባ ወይስ ይቅር?

ባለጓሮው፦ ሰው ጫማውን የሚጥለው ሰው ፊት ስላሳፈረው ነው እንጂ ስላለቀ አይደለም። ቀለሙ ይለቃል፣ ታኮው ባንድ ጎን ይበላል፣ አፍንጫው ይፋቃል፤ ከዚያ ለቢሮም ለሰርግም አይሆንም ተብሎ አልጋ ሥር ይወረወራል። ሶሉ ግን አልተበሳም፣ እግርም ለምዶታል። እኔ የምለው ቀላል ነው፦ ጥቂት እጅ ይግባበትና ለጓሮ ይዋል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ሐሳቡ አይከፋም። እኔን የሚከነክነኝ ለቢሮ ያረጀ ጫማ ለጓሮ ገና ነው ብለን መነሳታችን ነው። ቢሮ ውስጥ እግር የሚገጥመው ሊሾና ምንጣፍ ነው። ጓሮ ውስጥ ጭቃ አለ፣ ፍግ አለ፣ ሲቆፈር ከአፈር የሚወጣ የጠርሙስ ስባሪና የዛገ ምስማር አለ፣ ዶማና አካፋ አለ። ከባዱ ቦታ ጓሮ ሆኖ ሳለ ደካማውን ጫማ ወደዚያ እንልካለን።

ባለጓሮው፦ ልክ ነሽ ልጄ፤ ግን ከምን ጋር እያወዳደርሽው እንደሆነ ንገሪኝ። ለሥራ የተሠራ አዲስ ጫማ ገዝቶ ጎመን የሚኮተኩት ስንት ሰው ታውቂያለሽ? እዚህ ሰፈር አብዛኛው ሰው ጓሮ የሚገባው በነጠላ ጫማ ነው። ክረምት ሲሆን ነጠላ ጫማው ጭቃ ውስጥ እየቀረ ሲያስቸግረው፣ አውልቆ በባዶ እግሩ ይቀጥላል። አሮጌው ጫማ የሚወዳደረው ከዚህ ጋር ነው።

ነርሷ፦ ከባዶ እግር ጋር ከሆነ እስማማለሁ። ሙጃሌ የሚያገኘው ባዶ እግር ነው። የመንጠቆ ትል እጭም እርጥብ አፈር ውስጥ ይጠብቅና የእግርን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ኋላ አንጀት ውስጥ ሆኖ ደም እየመጠጠ ሰውን ያገረጣል። ነገር ግን ከባዶ እግር የሚሻል ሁሉ ይበቃል ማለት አይደለም። ቀዳዳ ጃንጥላም ዝናብ ላይ ከምንም ይሻላል፤ የያዘው ሰው ግን መበስበሱ አይቀርም።

ባለጓሮው፦ እኔም አሮጌ ጫማ እንዳለ ይደረግ አላልኩም፤ ይሠራ ነው ያልኩት። ቦቲን ውሰጂ። የጎማ ቦቲ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፤ በተራመድን ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ነውና። ከስንጥቁ በታች ያለው ደህና ነው። ከስንጥቁ ዝቅ ብለሽ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምሪያለሽ፣ የተሳለ ቢላ የሳሙና ውኃ እያስነካሽ ትቆርጫለሽ፣ ጠርዙ እግር እንዳይልጥ በሞረድ ታለሰልሺዋለሽ። በቃ፤ ታጥቦ ወዲያው የሚደርቅ፣ ሳይጎነበሱ የሚያጠልቁት የጓሮ ጫማ አለሽ። ከተቆረጠው አንገት ደግሞ ቀጫጭን ማሰሪያ ይወጣል፤ ቲማቲምን ከድጋፍ እንጨቱ ጋር ሲያስሩበት ይለጠጣል እንጂ እንደ ሲባጎ ግንዱን አይቆርጥም።

ነርሷ፦ ጫማው ከቁርጭምጭሚት በላይ ክፍት ሆነ ማለት ነዋ፤ ክረምት ላይ ጭቃው ከላይ ይገባል። ዝሆኔን ማንሳት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ነው፤ ከፍ ባለና ብዙ ዝናብ በሚያገኝ አገር ይበዛል። ደቃቁ የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባና የሊምፍ ቱቦዎችን እያስቆጣ ይዘጋቸዋል፤ እግር ከዓመት ዓመት ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ እየሠራ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሽታውን ከአፈሩ ጋር አያይዞ አጠና። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የወላይታ ጥናት ደግሞ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳየ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መከላከል ይቻላል። እንዲያም ሆኖ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል። እና አፈሩ ጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ከቆዳ ጋር ሲፋተግ ከዋለ፣ ሰውየው ጫማ አድርጓል እንበል?

ባለጓሮው፦ አላደረገም እንበል። ለዚህ ነው ጫማውን ከወቅቱ ጋር የማገናኘው። የተቆረጠ ቦቲ የበጋ ጫማ ነው፦ ለማጠጣት፣ ለመኮትኮት፣ ቃሪያ ለመልቀም። ሐምሌ ላይ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ጓሮ ሙሉ አንገት ያለው ቦቲ ያስፈልጋል። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ አይቆረጥም፤ ዙሪያው በሞረድ ሻክሮ፣ ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቁራጭ ተወስዶ በማስቲሽ ይለጠፍበታል። ከሁለቱም ጋር ካልሲ ይደረግ። ወደ ቤት ሲገባም ጫማው ቧንቧ ሥር፣ እግርም በሳሙና ይታጠብ፤ ጣት ለጣት ይድረቅ።

ነርሷ፦ ካልሲውንና መታጠቡን ማንሳትዎ ደስ ይለኛል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ የዝሆኔ ሕሙማንን እየደጋገመ አልጋ ላይ የሚጥላቸው አጣዳፊ ሕመም የቀነሰው እግር መታጠብ፣ የቆዳ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ጫማ የሚለውን ብቻ ሰምቶ ይሄዳል። የእርስዎንም ምክር የሰማ ሰው ቢላውን ያነሳል፤ ሳሙናውን ይረሳል።

ባለጓሮው፦ ያ የምክሩ ጉድለት ሳይሆን የአመካከሩ ነው። ቢላውንና ሳሙናውን አብሬ እናገራለሁ።

ነርሷ፦ እሺ፣ ቦቲው ይሁን። አብዛኛው ቤት አልጋ ሥር ያለው ግን ስኒከር ነው። ላዩ ጨርቅ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፣ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም። ሶሉ ፎም ነው፤ ምስማር በቀላሉ ያልፈዋል። በዚያ እርጥበት ውስጥ ፕሴዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ምስማር የስኒከር ሶል አልፎ እግር ሲወጋ ባክቴሪያውን ይዞ ይገባና አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቁስል ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው። መንጋጋ ቆልፍም አለ፤ ጀርሙ አፈርና ፍግ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ቢያንስ እየተጠነቀቀ ይረግጣል። ስኒከር ያደረገ ግን ተሸፍኛለሁ ብሎ ያምናል፤ የተሸፈነው ደግሞ ላዩ ብቻ ነው።

ባለጓሮው፦ እስካሁን ካልሽው ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ። ስኒከርን እንዳለ ጓሮ ማስገባት አልደግፍም። ሶሉ ግን ይቀየራል። እኛ አገር ይህን ጥበብ ማንም ከውጭ አላመጣልንም፤ በረባሶ አለ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ ስንቱን ገበሬና ወዛደር አሻግሯል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄጂ አሮጌ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ሲለወጥ በዓይንሽ ታያለሽ። ቤተልሔም ጥላሁንም የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ዘነበወርቅ ላይ ሶልሬብልስን ስትመሠርት ከዚሁ ከበረባሶ ነው የተነሳችው፤ አሮጌ ጎማ ሶል ሆኖ ባሕር ማዶ ተሸጠ። ያንኑ ጎማ ጫማ ሰፊው ለስኒከርሽም ለቆዳ ጫማሽም ይቆርጥልሻል።

ነርሷ፦ ይቆርጥልኛል፤ እስከ መቼ ይቆይልኛል?

ባለጓሮው፦ በአሠራሩ ነው። ማስቲሽ ብቻውን ጭቃና ውኃ አይችልም፤ ዙሪያውን በወስፌ እየተበሳ በናይለን ክር መሰፋት አለበት። የሽቦ መረብ ያለበት ጎማም አይመረጥም፤ ሲበላ ሽቦው ብቅ ብሎ ይወጋል። በክር የተሠራውን ጎማ ነው መፈለግ። ምስማርን ፈጽሞ ያቆማል አልልሽም፤ ከፎም ጋር ግን አይወዳደርም። አካፋ ረግጠሽ ስትቆፍሪም ጠርዙ መሐል እግርሽን አይቆረጥምሽም። የአፈሩም ነገር አለ። ዋልካ ጠባብና ጥልቅ ጥርስ ባለው ሶል ውስጥ ይጠቀጠቅና እግር አላነሳ ይላል። ልሙጥ ሶል ደግሞ ተዳፋት ላይ ያንሸራትታል። ጫማ ሰፊው ሰፋ ሰፋ ያለ ቦይ እንዲያወጣለት ከነገርሽው ጭቃውን እየጣለ ይሄዳል። ፋብሪካ ስለ አንቺ ጓሮ አፈር አያውቅም፤ የሰፈርሽ ጫማ ሰፊ ግን ያውቃል።

ነርሷ፦ የእጅ ጥበቡን አከብራለሁ። ጎማው ራሱ ግን ንጹሕ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያሉ ተመራማሪዎች ወደ ወንዝ የሚመለስ ሳልመን ዓሣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ለምን እንደሚሞት ሲያጠኑ፣ ምክንያቱ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ ከሚጨመርበት ኬሚካል የሚፈጠር መርዝ ሆኖ አገኙት። እርስዎ ጎማውን ቆስጣና ሰላጣ መደብ መሐል ይዘውት ሊገቡ ነው።

ባለጓሮው፦ ያ መርዝ የመጣው ስንትና ስንት መኪና አስፋልት ላይ ከሚፈገፍገው ጎማ ነው። የአንድ ሰው እርምጃ የሚያራግፈው ከዚያ ጋር አይቀራረብም፤ የአዲሱ ቦቲ ሶልም ቢሆን ከፋብሪካ የወጣ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ነው። ማስጠንቀቂያሽን ግን በሌላ በኩል እቀበላለሁ። አንዳንዱ ሰው አሮጌ ጫማ ውስጥ አፈር ሞልቶ አበባ ይተክላል፤ ለአበባ ይሁን፤ ሰላጣና በሶብላ ግን አይተከልበት። የሚበላ ነገር ሥር ጎማም፣ በክሮም የለፋ ቆዳም ለዓመታት ተቀብሮ ባይቀመጥ ይሻላል።

ነርሷ፦ ቆዳ ካነሱ አይቀር፣ የቆዳ ጫማ ጓሮ ውስጥ ይኖራል? ፍግና ሽንት ይበሉታል፤ ርሶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንጨት ሆኖ ይሰነጠቃል።

ባለጓሮው፦ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ሰው ነው የሚያበላሸው። ጭቃውን አጥቦ፣ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ሥር ማድረቅ ነው፤ ከዚያ ሰምና ሞራ አቅልጦ ስፌቱን እየተከተሉ ማሸት። እንደዚያ የተያዘ የቆዳ ጫማ ለደረቅ ሥራ ከሁሉ ይሻላል፤ ዶማ ቢስት እንኳ ጣትን የሚሸፍን ነገር አለው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ አለኝ፦ የጓሮ ጫማ ጓሮ ይደር። በር ላይ አፉን ወደ ታች ተደርጎ እንጨት ላይ ይሰቀል፤ ሲጠለቅ ይራገፍ። ፍጉ ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ አይደርስም፤ በጭቃ የተያዘ የቅንጬ አረም ዘርም ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው አይጓዝም። ሰው ይህን ደንብ የሚጠብቀው ለጓሮ ብቻ የተለየ ጫማ ሲኖረው ነው። አሮጌው ጫማ ያንን ሁለተኛ ጫማ ያለ ብዙ ወጪ ይሰጠዋል።

ነርሷ፦ ይህን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ከተናገሩት ሁሉ ለጤና የሚበጀው እሱ ነው። አሁን ግን ከጫማው ወጥተን ወደ ሰዉ እንሂድ። ደጃፍዎ ላይ ቁራሌው የሚለው ልጅ፣ ልዋጭ የሚለው ነጋዴ ያንን አሮጌ ጫማ ይፈልጉታል። እነሱ ወስደው ይሸጡታል፣ ጫማ ሰፊ ያድሰዋል፣ አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ያደርገዋል። እርስዎ አንገቱን ሲቆርጡት ያ መንገድ አለቀ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሰው ከተማ መሐል ሊራመድበት የሚችለውን ጫማ ለጎመን ማጠጫ ማድረግ ልክ ነው?

ባለጓሮው፦ ልክ አይደለም። ሌላ ሰው አድርጎት ሊወጣ የሚችል ጫማ ቢላ አይነካውም። ለኔ ሐሳብ የሚሆነው ልዋጩም ገልብጦ አይቶ የሚመልሰው ነው፦ አንገቱ የተተረተረ ቦቲ፣ አፉ የሰፋ፣ ገበሩ ያለቀ፣ ለአደባባይ ታድሶ የማይቀና። እሱ ካልተሠራ የሚሄደው ቆሻሻ ገንዳ ነው፤ ወይም ከቅጠል ጋር ይቃጠላል፤ የፕላስቲክ ጭሱን ሰፈሩ ይተነፍሰዋል።

ነርሷ፦ ታድሶ ይቀናል አይቀናም የሚለውን ማን ይፈርዳል? አዲስ የመግዛት አቅም ያለው ሰው አልቋል ያለውን፣ አቅም የሌለው ገና ነው ይላል።

ባለጓሮው፦ ጫማ ሰፊው ይፍረድ። ሁለቱንም ዓይነት ደንበኛ የሚያውቀው እሱ ነው። ጫማውን ይዘሽ ሂጂና መጀመሪያ "ይሸጣል?" በይው። ይሸጣል ካለሽ ተዪለት። አይሸጥም ካለ ለጓሮ ይሥራልሽ። እንዲህ ሲሆን ሥራም ያገኛል፣ የሰውም ጫማ አይባክንም።

ነርሷ፦ ጥሩ፤ እሱን ፈታን። የመጨረሻውን ግን በቀላሉ የሚፈቱት አይመስለኝም። ጓሮ የሚቆፍረው ማን ነው? ባለቤቱ ማታ ማታ ለጥቂት ጊዜ ያጠጣል። መደቡን የሚገለብጠው፣ ፍግ የሚሸከመው፣ ቦይ የሚያወጣው የቀን ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ነው። አሮጌ ጫማ ለጓሮ ይሁን ሲባል፣ በብዙ ግቢ ትርጉሙ የጌታው አሮጌ ጫማ ለዘበኛው ይሁን ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ አዲሱ ቦቲ የሚገዛው ለባለቤቱ ነው። ሠራተኛው ደግሞ በሌላ ሰው እግር የተቀረጸ፣ የሚሰፋው ወይም የሚጠበው ጫማ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። የጠበበው ጥፍሩን ይነቅላል፤ የሰፋው ተረከዙን ይልጠዋል፤ የተላጠው ቆዳ ላይ አፈሩ ይገባል። እርስዎ ቁጠባ የሚሉት ነገር ዋጋውን በሌላ ሰው እግር ላይ ያስከፍላል።

ባለጓሮው፦ አሮጌ ጫማ ለሠራተኛ መስጠት ውለታ ሊሆን ይችላል፤ የአሠሪን ግዴታ ግን አይተካም። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ በዚህ ጫማ እኔ ራሴ ከጠዋት እስከ ማታ እቆፍራለሁ ወይ? በእግሩ ልክ ካልሆነ፣ ሶሉ ካልተሰፋ፣ ካልሲ ከሌለው መልሱ አልቆፍርም ነው። አልቆፍርም ካልኩ ቦቲ ገዝቼ መስጠት አለብኝ። ሥራው የቀን ሙሉ ከሆነ ጫማውም የሥራ ጫማ ይሁን።

ነርሷ፦ መለኪያዎ መልካም ነው፤ የቆመው ግን በእርስዎ ሕሊና ላይ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ትጥቅ እንዲያቀርብ ያዛል። ይኸው አዋጅ ግን የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ያለው ሰው በሕግ ጠይቆ የሚያገኘው ጫማ የለውም፤ የሚያገኘው የተሰጠውን ነው። ሲሰጠውም "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት አለበት፤ አልበቃኝም ቢል ሥራው ይቀርበታል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ አሮጌ ጫማ እየሠሩ መስጠትን ማወደስ፣ አዲሱን ላለመግዛት የሚያምር ምክንያት ማቀበል ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ባለጓሮው፦ ፍርሃትሽ እውነት አለው። እኔ ደግሞ የምፈራውን ልንገርሽ። ሕጉ እስኪሻሻል፣ የሁሉም ሰው ኪስ ለቦቲ እስኪበቃ ድረስ ያ ሰው ነገ ጠዋት አፈር ላይ ይቆማል። የነገው ቦቲ የዛሬን እግር አይሸፍንም። አንቺው እንዳልሽው ዝሆኔ ከዓመት ዓመት እየገባ የሚቆይ በሽታ ነው፤ ያልተሸፈነው ቀን ሁሉ ይቆጠራል። በረባሶን የሠሩት ሰዎች ፍጹም ጫማ እስኪመጣ አልጠበቁም። በእጃቸው በነበረው ጎማና ቢላ እግራቸውን ከመሬት ለዩት። ያንን ብልሃት መናቅ አልችልም።

ነርሷ፦ እኔም አልንቀውም። ግን የማየው እግር ብዙውን ጊዜ "ለጊዜው" በተባለ ጫማ ዓመታት የቆየ ነው። ጊዜያዊ ነገር ቀን ካልተቆረጠለት ቋሚ ይሆናል። ስለዚህ አሠርተው ሲሰጡ ቀን ይቁረጡ፦ ይህ ጫማ እስከ መስከረም ነው፣ ከዚያ በኋላ በልክህ የተገዛ ቦቲ ይመጣል፤ ገንዘቡም ከዛሬ ጀምሮ ይቀመጣል ይበሉ። ቀን ሊቆርጡለት ካልቻሉ፣ አሮጌውን ጫማ ያሠሩት ለእግሩ ሳይሆን ለኪስዎ ነው።

ባለጓሮው፦ ቀን እቆርጣለሁ፤ ይህን ከእኔም ከሌላውም ባለጓሮ መጠየቅ መብትሽ ነው። አንቺም ከእኔ አንድ ጥያቄ ተቀበዪ። እግሩን ይዞ አንቺ ዘንድ የሚመጣ ገበሬ ጫማ አድርግ ስትዪው፣ ገንዘብ የለኝም ቢልሽ ምን ትዪዋለሽ? ቤቱ ያለውን የተሰነጠቀ ቦቲ እንዴት እንደሚለጥፍ፣ የትኛውን ጎማ እንደሚመርጥ፣ ማስቲሹ ላይ ስፌት እንደሚያስፈልግ፣ ካልሲና ሳሙና ከጫማው እንደማይለዩ ካልነገርሽው፣ ምክርሽ ለምን ይጠቅመዋል? አዲስ ጫማ ግዛ ማለት ትክክለኛ ምክር ነው፤ መግዛት ለሚችለው።